የአክስቴ ምራቅ

ጉርድ ሾላ ለባቡሩ ሐዲድ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር በተቆፋፈረበት ዘመን፣ እኔ ደግሞ የጋራዥ አፈር እቆፍር ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስመርቁበት ዕድሜ ነው። ጥናቴ ዘይት በልተው ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበር። እነዚህ ፍጥረታት ዘይቱን አሟሙተው ለመብላት የራሳቸውን ሳሙና ይሠራሉ፤ መጻሕፍቱ ባዮሰርፋክታንት ይሉታል። ያ ሳሙና አፍ የሚያሳምሙ ተሕዋስያንን ይገድል እንደሆነ ማየት ፈለግሁ።

የተቃጠለ ዘይት የጠጣውን አፈር በማንኪያ ወደ ብልቃጥ ስጨምር ባለጋራዡ ቆሞ አየኝ።

«እህቴ፣ ለአበባ ከሆነ አይሆንሽም።»

«ለድድ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሳልፍ ባየኝ ቁጥር አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር።

ሳሙናው ተገኘ። የታመመ አፍም ሞልቷል፤ የጠፋው መድኃኒት ያልነካው ነው። በሰፈራችን በቀበና ድዱ ያበጠ ሁሉ አምፒሲሊን ይገዛና ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ድዱ ላይ ይነሰንሳል። ከእንዲህ ያለ አፍ ናሙና ብወስድ፣ የገደለው የእኔ ሳሙና ይሁን አምፒሲሊኑ በምን አውቃለሁ? የላቦራቶሪ ተራዬ ደግሞ በዚያው ሳምንት ያልቃል። ካመለጠኝ ምርቃቱ ለከርሞ ነው።

የቀሩኝ አክስቴ ብቻ ነበሩ። ድዳቸው አብጦ መግል ይዟል፣ መድኃኒት ግን አይወዱም። ስንት ለምኛቸው ሰኞ ሐኪም ጋ ልወስዳቸው፣ እሑድ ምራቃቸውን ሊሰጡኝ ተስማማን። እሑድ ረፋድ ብልቃጤን ይዤ ስደርስ ከእንጦጦ ራጉኤል ተመልሰው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ እንትፍ ይበሉልኝ።»

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ቆርቤያለሁ።»

ያደግሁት በጴንጤ ቤት ነው። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን እንደማይተፋ ረስቼው ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ጭራሽ አላውቅም ነበር።

«ታዲያ በጥጥ ልንካው?»

«ሥጋ ወደሙ የገባበትን አፍ አንቺ በጥጥ ልትጠራርጊው? መዝሙር መሀል ማስቲካ ስታኝኩ ያደጋችሁ፣ ምን ይታወቃችኋል።»

«ማስቲካ አኝኬ አላውቅም።»

«እሱን እንኳ አልቻልሽበትም። ነገ ጠዋት ነይ፣ እንዳሰኘሽ እተፋልሻለሁ።»

ብልቃጤን ወደ ቦርሳዬ ስመልስ ጎረቤታቸው ካፕሱል በመዳፋቸው ይዘው ገቡ። ሕመሙን ሰምተው ነው።

«ይችን ነስንሺባትና ትንሽ ቆይተሽ መራራውን ትፊው» አሉ።

ምርቃቴ በሴትየዋ መዳፍ ላይ ነጭና ቀይ ሆኖ ታየኝ። አልናገር ነገር፣ ሰው በሕመም ሲሰቃይ «ይቆይልኝ» አይባልም። አክስቴ ካፕሱሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጎረቤታቸውን አዩ።

«አንቺም ምራቄን ፈለግሽ? ዛሬ አልተፋም አልኩ።»

ሥራዬን ያበላሸው ቁርባን መልሶ አዳነልኝ። ጌታን በጴንጤኛ፣ ራጉኤልን በሹክሹክታ አመሰገንኩ።

ሰኞ ጠዋት ብልቃጡን እስከ አፉ ሞሉልኝ። «የትናንቱም አለበት» አሉ። ሐኪሙ መግሉን አወጣላቸው፤ እኔም ተራዬ ሳያልፍ ወደ ላቦራቶሪ ሮጥኩ።

በዚያው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ተሕዋስያኑን ያበቀልኩበት ሳህን ላይ ሳሙናው በነጠበበት ዙሪያ ምንም ሳይበቅል ጥርት ያለ ክብ እንደቀረ ነገርኳቸው።

«ገደላቸው?»

«ሳህን ላይ። በሰው አፍ ገና አልተሞከረም።»

«አፈሩን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከጋራዥ።»

የዳነ ድዳቸውን በምላሳቸው ዳሰሱ።

«እንግዲያው የሚሞከር ቀን» አሉ፣ «ከጎረቤቴ ጀምሪ።»