ጎዶሎ የሞላው ማንጎ

ማሸጊያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም እትዬ እንፋሎት ነው የሚላቸው፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ራሳቸውም የረሱት ይመስላል። ሥራቸው ማንጎ ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ መንከር ነው። የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ትደብቃለች። ሙቀቱ እስከ ውስጥ ካልዘለቀ እንቁላሉ መንገድ ላይ ትል ይሆናል፤ ከበዛ ደግሞ ማንጎው ይቀቀላል። ትልቁ ከትንሹ ረዘም ላለ ጊዜ ይነከራል።

«ሕፃን እንደማጠብ ነው» ይላሉ እትዬ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «ብቻ ይሄኛው ሲቃጠልም አያለቅስም።»

የዚያን ቀን የተነከረው የታናሽ ወንድማቸው ማንጎ ነበር። የዓመት ልፋቱን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ቆሟል። ይሄ ካመለጠው ቀጣዩ እስኪመጣ ማንጎው ይላሽቅበታል።

እትዬ ከገንዳው የወጡትን ሳጥኖች ሲያዩ ክው አሉ። ለትንንሾቹ በሚበቃው ሰዓት የተነከሩት ሳጥኖች ውስጥ ትልልቅ ማንጎዎች ተሰግስገዋል። ማንጎውን በመጠን የምትለየው የሥራ ጓደኛቸው ሳጥኑ ጎዶሎ እንዳይመስል ሞልታበታለች።

«ዛሬ ምን ነካሽ?»

«ደክሞኝ ነዋ፣ እትዬ። ትልቁም ትንሹም አንድ ሆነብኝ።»

«አንቺስ ማንጎ ይታይሻል። እኔ የሚታየኝ አልጋዬ ብቻ ነው።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ አልቆየም። ወንድምየው ገባ።

«እታለም፣ ሹፌሩ ሊሄድብኝ ነው። ተነክሮ የለም እንዴ?»

«ተነክሯል። ትልልቆቹን ግን አልዘለቃቸውም። ተለቅመው እንደገና ይገባሉ።»

«ማን ከፍቶ ያያቸዋል?»

«ትሉ ራሱ ብቅ ይላል። ያኔ ያንተ ብቻ አይደለም፣ አብሮ የተጫነው የሰው ሁሉ ይመለሳል።»

«ሌላ ቤት ብወስደው ይሻለኝ ነበር» አለ። «እዚያ እህት የለኝም።»

እትዬ ሳጥኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብለው ትልልቆቹን ይለቅሙ ጀመር። ጓደኛቸውም አጠገባቸው ተንበረከከች። ትንሽ ቆይቶ ውጭ ጥሩምባ ተነፋ፤ ከዚያ የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ወንድምየው ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማው።

ተመልሶ ባዶ ሳጥን ገልብጦ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ። አጠገቡ ካለው ሳጥን ማንጎ ያገላብጥ ጀመር። ቆይቶ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ አንድ ማንጎ ይዟል።

«ይሄ ከየትኛው ነው?»

«ከትልቁ» አሉት እትዬ። «እዚህ አድርገው።»