የሼህ ይመር የጃፓን ስም

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቁ ነበር። አንደኛዋ «የጃፓን ሰነፍ ስሙ ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀች። ጓደኛዋ ስታስብ እኔ ሳላስበው ከኋላ «ባላ ታኛ!» አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ሻሽ ያሰረች፣ ማንጎ በፌስታል የታቀፈች ሴትዮ ይህን ከየት አመጣችው ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም።

እነሱ ከስልክ የሚያገኙትን እኛ በአፋችን ስንሠራው መኖራችንን ማን ይንገራቸው? የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ መርሳ ውስጥ የጃፓን ስም ያልወጣለት ሰው አልነበረም። አሠራሩ ቀላል ነው። ግዕዙን ሁሉ ራብዕ አድርጎ መጥራት፣ ቀን በካ፣ ጠን በታ መለወጥ፣ በቃ። «በላ ተኛ» ባላ ታኛ ይሆናል። ዱላ ከእጃቸው የማይለየው የሒሳብ አስተማሪያችን «ያዛ ማታ» ነበሩ፤ ያዘ፣ መታ። እየዘፈነ የሚገባው ጎረቤታችን «ማታ ሳካራ»። ከአገሩ ሁሉ ጃፓንን ማን እንዳስታወሰን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምናልባት በአስፋልቱ የሚያልፉት የጃፓን የጭነት መኪኖች ይሆናሉ፤ ስማቸውን ሁሉ በቃላችን እናውቅ ነበር።

መንደራችን ከመርሳ ወጣ ብሎ ከዳገቱ ሥር ነው። ሽማግሌው ሼህ ይመር መስጊዱ አጠገብ ካለው ወርካ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ሆነው የማያዩት መንገድ የለም። ማን ከማን ጋር ቆሞ እንዳወራ፣ ማን ከትምህርት ቤት እንደቀረ ሳያድር ለወላጅ ያደርሳሉ። ስም በማውጣት የሚስተካከለው ያልነበረው የክፍል ጓደኛዬ መሐመድ «ያያ ናጋራ» አላቸው፤ ያየ፣ ነገረ። ስሙ በአንድ ሳምንት አገር አዳረሰ። እሳቸው ጆሮ የሚደርስ ግን አልመሰለንም ነበር።

በግንቦት ወንዛችን አሸዋ ብቻ ይሆናል። እናቴና እኔ አሸዋውን በጣሳ ጭረን፣ የምታንጠባጥበውን ውኃ ጠብቀን ጀሪካን እንሞላለን። ጠዋቱ በዚያ ያልቅና እኔ ከትምህርት እቀራለሁ። አባቴ «እንግዲህ ከውኃውና ከትምህርቱ አንዱን ምረጪ» ማለት ጀምሮ ነበር። ሴት ልጅ ምረጪ ስትባል መልሱም አብሮ እንደተሰጣት ያኔም ይገባኝ ነበር።

በዚያው ግንቦት አንድ ጃፓናዊ የውኃ ባለሙያ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ይመጣል ተባለ። መሐመድ በደስታ አበደ፤ በየሰርጉ ቤት «ስሙ እኮ ባላ ታኛ ነው» እያለ አወራ። ሰውየው ሲመጣ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ቀጭን፣ ፀጉሩ ገብስማ፣ ፊቱን የሐራ ቆላ ፀሐይ የለበለበው ሰው ነው። አስተርጓሚው ሆዱን አሞት ወልድያ ቀርቶ ኖሮ፣ ሹፌሩ «እንግሊዝኛ የሚችል አለ?» ሲል እናቴ ከኋላ ገፋችኝ።

የተመረጠው ቦታ ወርካው አጠገብ ነበር። እዚያ ደግሞ ያለ ሼህ ይመር ፈቃድ ዶማ አይነሳም።

«የእንግዳው ስም ማነው?» አሉኝ።

ጠየቅሁት። ጎንበስ ብሎ «ሳካሞቶ» አለ።

ለእኛ ለሐብሩ ሰዎች ጆሮ ይህ «ሳቀ ሞቶ» ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መሐመድ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሼህ ይመር ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«አንቺ ልጅ፣ የሞተ ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወላሂ ስማቸው ነው፣ አባባ!»

«እናንተ የማታወጡት ስም የለ! ሰርግ ቤት ባላ ታኛ ነው አላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ሞቶ ሳቀ። እንግዳ መጫወቻ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። እውነተኛ ስሙን እስክትነግሩኝ ይኼ መኪና ከዚህ አያልፍም።»

ሹፌሩ ሰዓቱን አየና፣ ዛሬ ካልተስማማችሁ የመቆፈሪያው ማሽን ወደ ቆቦ ያልፋል አለ። እናቴ ባዶውን ጀሪካን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። ያንን ሳይ ወደ እንግዳው ዞርኩ።

በምትሰባበር እንግሊዝኛዬ «ስምዎ ምን ማለት ነው?» አልኩት። ሰውየው ፊቱ በራ፤ ከመጣ ጀምሮ ማንም ይህን የጠየቀው አይመስለኝም። ጭራሮ አንስቶ አፈሩ ላይ ዳገት ሣለ፣ ከዳገቱ ግርጌ ነጥብ አኖረ። ሳካ ዳገቱ ነው፣ ሞቶ ግርጌው።

«ዳገት ሥር ማለት ነው፣ አባባ!» ብዬ ጮህኩ።

ሼህ ይመር ሥዕሉን አዩ፤ ቀና ብለው ከጀርባችን ያለውን ዳገት አዩ። «ታዲያ የኛው አገር ሰው ነዋ!»

ተገላገልኩ ብዬ ስተነፍስ፣ እሳቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀጠሉ። «በይ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እኔንም እነዚህ ልጆች የጃፓን ስም አውጥተውልኛል። ያያ ናጋራ ይሉኛል። በሱ አገር ምን ማለት ነው?»

መሐመድ የት እንደገባ አላየሁም። እኔ የት ልግባ? አስተርጓሚ ነኝ፤ ተረጎምኩ። ሰውየው አልሳቀም። «ያያ»ን አላውቀውም አለ። «ናጋራ… ናጋራ…» ብሎ ጥቂት አሰበና፣ «አገሬ ናጋራ የሚባል ወንዝ አለ። ጥሩ ውኃ ነው፣ ሥሩ ያለው ድንጋይ ይታያል» አለኝ።

ይህን ስነግራቸው ሼህ ይመር ከኪሳቸው የማሽላ ቆሎ ዘግነው ለእንግዳው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ለካ ወንዝ ነኝ! በሉ ማሽኑ ይግባ፣ ቢስሚላህ።»

ሰኔ ሳይገባ ውኃው ወጣ። መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ሼህ ይመር ማየቱንም መንገሩንም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልተዉም፤ «ናጋራ» ሲሏቸው ግን ደረታቸውን ነፋ አድርገው «አቤት!» ይሉ ነበር። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ የቋንቋ አስተማሪ ሆንኩ።

በሚኒባሱ ጉዞ ማግስት ወደ መንደር ወረድኩ። ወርካው አጠገብ ያለው የውኃው ቦታ ዛሬም በሼህ ይመር ስም ናጋራ ይባላል። ጀሪካን የምትሞላ አንዲት ልጅ አግኝቼ ለምን እንዲህ እንደተባለ ጠየቅኋት። «ሴቶች ተሰብስበው ነገር ስለሚነጋገሩበት ነዋ፣ እትዬ!» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስህተት ሳላርም አላልፍም፤ ልማድ ሆኖብኛል። ያንን ግን ከየቱ ጀምሬ ላርመው? ቃሉ ከእኛ አፍ ወጥቶ፣ ጃፓን ደርሶ፣ ወንዝ ሆኖ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የሴቶች ጨዋታ ሆኗል። አካሄዱ ደስ አለኝና ተውኩት።

ደብተሯ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ነበር። «ዛሬ ለውኃው ብለሽ ከትምህርት ቀረሽ?» አልኳት።

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ለውኃ ተብሎ ከትምህርት ይቀራል እንዴ?»

ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ።