ረቂቁን አጥፍቼ ሞያሌ ወረድሁ

ንጋት፣ ያቤሎ

ጫማዬን እንኳ ሳላስር የዕለቱን ቂልነት ሠርቼ ጨርሻለሁ። ከጓደኛዬ ከጋልማ ጋር የቦረናን ጉድጓዶች የውኃ ልክ አጥንተን የጻፍነው ወረቀት አልቋል። የተሰናዳው በላቴክ ነው፤ አንተ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ ኮምፒውተሩ አሳምሮ ፒዲኤፍ ያወጣልሃል። ፒዲኤፉ አምሮ ሳየው የጡረተኛ ጸሐፊ ልማዴ ተነሣብኝ፤ እኛ ቢሮ ንጹሑ ቅጂ ከወጣ ረቂቁ ይቀደዳል። የትእዛዙን ፋይሎች ጠራርጌ አጠፋሁ። የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያም ደፋሁ። ጽዱ ሰው ነኛ!

ሚኒባሱ ውስጥ ላፕቶፔን አቅፌ ተቀመጥሁ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

«ፋዘር፣ እንቁላል ነው እንዴ?»

«ሊፈለፈል ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ረፋድ፣ ከኬላው ማዶ፣ የኬንያው ሞያሌ

አቧራ፣ ፍየል፣ የቲማቲም ሣጥን የጫነ ቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል። ማንያታ ሰፈር፣ በሴት ልጁ በዳኪ የቆርቆሮ ቤት ጋልማ ተኝቷል። አመሻሽ ላይ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ናይሮቢ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ወረቀቱ ወጥቶ ስሙን ማየት ይፈልጋል፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ፒዲኤፉን ጥናቶች በመጽሔት ከመታተማቸው በፊት ወደሚወጡበት ድረ ገጽ ላክሁ። ወዲያው መለሰብኝ።

«ምን አለ?» አለ ጋልማ።

«በላቴክ የተሠራ ስለሆነ የተጻፈበትን ፋይል አምጣ አለ።»

«ስጠዋ!»

«ጠዋት አጠፋሁት።»

ከትራሱ ቀና አለ። «ያ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ! ቅቤውን ይዘህ ላሚቱን አረድሃት?»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ዳኪ ውኃ እየሰጠችው እኔን በዓይኗ ገረፈችኝ።

ከሰዓት፣ እዚያው

ትራሱ ሥር አንድ የታተመ ቅጂ ነበረው። እሱ ያነብባል፣ እኔ በሁለት ጣቴ እተይባለሁ። አንድ ቅንፍ በረሳሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ ገጹን ሙሉ እምቢ ይላል። ሥዕሎቹማ እንደገና መሠራት አለባቸው።

«ስሜን ብቻ ላክላቸው» አለኝ።

«ስም ብቻ አይቀበሉም።»

«እኔ ደግሞ ሌላ ምን ቀረኝ?»

ቅንፉን ዘግቼ ቀጣዩን መስመር እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት።

አመሻሽ፣ አውቶቡሱ ዘንድ

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳለን ዳኪ ሻንጣውን አነሣች። ደግፌ አሳፈርሁት፤ ጥቂት በተራመደ ቁጥር ትንፋሽ ለማግኘት ይቆማል። በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ሲወጣ ደውልልኝ።»

«እደውላለሁ።»

«ስሜን ከነአባቴ ታነብልኛለህ። የራስህን ዝለለው።»

እንዲስቅልኝ ብዬ ወገቤን ይዤ እጅ ነሣሁት። አውቶቡሱ ሄደ።

የማድርበት ሆቴል ገብቼ አራተኛውን ገጽ ጀመርሁ። አንድ የስልክ ጥሪ ዕዳ አለብኝ፤ ስልኩን ራሱ ጋልማ እንዲያነሣው ነው የምቸኩለው።