ለሃብተአብ ድንኳን የታጣው ቦታ

ወልደአረጋይ ቀያሽ ነው። የካዛንቺስ ሰፈሩ እንዲነሳ ሲወሰን ችካሉን የተከለው እሱ ራሱ ነበር። ወንዙ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤት ይገባል፣ ስለዚህ ዳርቻው መለቀቅ ነበረበት። መንገዱም ጠቧል። የቀረው መሬት በሊዝ ቢወጣ ለከተማው ገቢ ነው። ሁሉም እውነት ስለሆነበት ካርታው ላይ ፈረመ።

ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ቢበተንም እድሩ አልፈረሰም፤ ዳኛው ወልደአረጋይ ነው። ሽማግሌው ሃብተአብ ባረፉ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትበርህ፣ «በተዛወርንበት ኮንዶሚኒየም ማን ያውቃቸዋል? ድንኳኑ የድሮ ሰፈራችን ይጣል» አሉ። ወጉም የእድር ድንኳን በሟች ደጅ እንዲጣል ነው።

በማለዳ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን በአይሱዙ ጭነው መጡ፤ ወይዘሮ ትበርህና ለቀስተኛውም ተከተሉ። የሃብተአብ ደጅ የመናፈሻ ሣር ሆኗል። የመናፈሻው ጥበቃ ቀረብ ብሎ፣ «አባቴ፣ እዚህ ካስማ መምታት አይቻልም። ከሥሩ የውሃ መስመር አለ» አለው።

«ልክ ነህ» አለ ወልደአረጋይ።

የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ዘነበ ግን መታገስ አልቻለም። «ያን ሁሉ ስትለካ፣ ማለቴ፣ የሚለቀስበትን ረሳኸው?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«አንተስ የሰፈሩ ልጅ አይደለህ? እኛ መች ቀያሽ ጠፋብን፤ የሰፈር ልጅ እንጂ!»

ስንት ድንኳን የተጣለበትን የሃብተአብን ደጅ ቅያስ፣ ቤት ስላልነበረበት፣ ካርታው ላይ «ባዶ ቦታ» ብሎ የጻፈው ወልደአረጋይ ራሱ ነው።

ወይዘሮ ትበርህ ከመኪናው አልወረዱም። «በቃ፣ ተዉት ልጆቼ» አሉ በመስኮት። «እዚያው ኮንዶሚኒየም በሬን ዘግቼ አለቅሳለሁ።»

ዘነበ ካስማዎቹን መልሶ ጫነ። ለቀስተኛውም ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ወደየታክሲው ተበተነ።