የትኛው ትሪ የማን እንደሆነ

የእህቴን ባል ቀበሌ የያዘው እቤቱ ሰው ሰብስቦ ጸለየ ተብሎ ነው። ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ ይገናኙ ነበር፤ ይህን ሰፈራችን ሲቀላ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ለምን በዚያ ሳምንት፣ ለምን እሱ ብቻ እንደተያዘ ግን ዛሬም አልገባኝም። ክሱ «ሕዝብ ይከፋፍላል» የሚል ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ለእህቴ እንዲህ አላት፤ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ከእሱ ሃይማኖት ውጭ የሆኑ ሁለት የተከበሩ ሰዎች መጥተው ከዋሱት ይለቀቃል። ካልመጡ በዚያው ቀን ወደ አውራጃው ወህኒ ቤት ይተላለፋል። ወደዚያ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርሽ አልነበረም።

እህቴ ሁለቱን ሰዎች አገኘች። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ ደብራቸውን አክባሪ ኦርቶዶክስ። ሁለተኛው ሐጂ ናቸው፣ ገበያው ዳር ጨውና አቡጀዲ በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴ። ሁለቱም እሺ አሉ። እህቴ ግን እሺታው ብቻ አላሳረፋትም። እናታችን ከደጋ ይዛው የወረደችው ልማድ ነበረባት፦ ላንቺ ብሎ ሰው ፊት የሚቆም ሰው መጀመሪያ ከቤትሽ ይቀምሳል። ካልቀመሰ ቃሉ ባዶ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም፣ ከሚያጅቧቸው የእድር ሰዎችና ጎረቤቶች ጋር፣ ለዚያው ማክሰኞ ቁርስ ጠራቻቸው።

እኔ ያን ጊዜ እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ የማታ ተማሪ ነበርኩ። የቤት አያያዝ መምህርታችን አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አውሳኝ ነበር። ከውስጡ አንድ ሥዕል ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል፤ ዳቦ፣ ድንችና ሥጋ ተነባብሮ፣ በእንቁላልና በወተት ርሶ፣ በትሪ ሙሉ ተጋግሮ እንደ ጡብ እየተቆረጠ ይቀርባል።

«ይኼ መጽሐፍሽ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆን ነገር አለው?» አለችኝ እህቴ።

«ለስድስት ሰው ነው የሚለው፣ እትዬ። አበዛዋለሁ።»

«አብዢው እንግዲህ። የተማርሽው ለመቼ ነው?»

ያስቸገረው ሥጋው ነበር። ሐጂ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፤ ዳኛው ሙስሊም ያረደውን አይበሉም። ያለ ሥጋ እንሥራው ብዬ ነበር።

«ባሌን የሚያወጡልኝን ሰዎች ጠርቼ ቅጠል ላብላቸው?» አለች።

እሷ ከሁለቱም ሥጋ ቤት ገዛች። እኔም ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ ይዤ በግቢው ሁለት ጫፍ ሠራሁ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ስሄድ እጄን በሳሙና እየታጠብኩ። የጨንቻ ድንች ቀቅዬ ቆረጥኩ። የደረቀ ዳቦ ወተት ውስጥ ነከርኩ። መጽሐፉ ስፒናች ይላል፤ ስፒናች ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ደጃችን ካለው ዛፍ የሽፈራው ቅጠል ቀጠፍኩ። ዳጣም፣ ያንን የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ፣ ጨመርኩበት፤ ያለ ዳጣ እኛ ሰፈር ማን ሥጋ ይበላል? ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ ለካሁ። ለአንዱ የጨመርኩትን ያህል ለሌላው፣ ጨውን እንኳ ሳይቀር። በልኬ ኮርቼ ነበር። በኋላ ግን ያ ልክነቴ ራሱ ጣጣ ሆነ።

ትሪዎቹን ያዋሰን ሰፈራችን ያለው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሁለቱም የዳቦ ቤቱ ናቸው፣ አንድ ዓይነት። ከላንቴ የመጣ የሙዝ ቅጠል አለበስኳቸው። የሐጂን በሁለት ክር፣ የዳኛውን በአንድ ክር አሰርኩና ገና ሲነጋጋ ወሰድኳቸው። ጋጋሪው እጁ ሊጥ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ለሚስቱ ነገርኳት። «ሁለት ክር የሐጂ፣ አንድ ክር የዳኛው።» «ገብቶኛል፣ ሂጂ» አለችኝ። አግዳሚ ለመደርደር ወደ ቤት ሄድኩ።

ስመለስ ሁለቱ ትሪዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ላያቸው ወርቅ መስሏል። ጠርዛቸው ይንቸሰቸሳል። እንደ መጽሐፉ ሥዕል ነበሩ ብል ውሸት አይሆንም። ቅጠል ግን የለም።

«ጋሼ፣ ቅጠሉስ?»

«አነሳሁት። ላዩ ካልተጠበሰ ምኑን ዳቦ ቤት አመጣሽው?»

«ክሩስ?»

«ከቅጠሉ ጋር እሳት ውስጥ ገባ። ምነው፣ ክር ይበላል እንዴ?»

«የሐጂ የትኛው ነው?»

«በግራ ያለው» አለ፣ ሳያመነታ።

«በቀኝ ነው እንጂ!» አለች ሚስቱ ከወዲያ። «የተቀበልኳት እኔ አይደለሁ?»

«አንቺ በር ላይ ቆመሽ፣ እኔ ምድጃው ፊት ቆሜ! ያንቺ ቀኝ የኔ ግራ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ነው የምንለው።»

«አንድ አይደለም። ስናወጣቸው ደግሞ ዞረናል።»

«መሃል ላይስ አላዞርካቸውም?»

«አላዞርኩም።»

«ዳቦውን ሁሉ የምታዞር ሰውዬ እነዚህን ብቻ ምን ብለህ ተውካቸው?»

ጋጋሪው ምድጃውን አየ፣ ትሪዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «አዙሬያቸው ይሆናል» አለ።

ከሁለቱም ጫፍ ቆንጥሬ ቀመስኩ። አሸተትኩ። ዳጣው ያው፣ ጨው ያው፣ ሽፈራው ያው። በሬ ደግሞ ማን እንዳረደው አይናገርም። ትሪዎቹን ከጋጋሪው ጋር ተሸክመን ስንሄድ የእኔ የትኛው፣ የእሱ የትኛው እንደሆነ እንኳ መንገድ ላይ ጠፋኝ፤ ለነገሩ ምን ለውጥ ያመጣል?

እቤት ሰው ሞልቷል። ሐጂና ሰዎቻቸው በአንድ ወገን፣ ዳኛውና የእድሩ ሰዎች በሌላ ወገን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። እህቴን ወደ ጓዳ ስቤ ነገርኳት።

«አንዱን ለሐጂ ምረጪና አቅርቢ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የትኛውን?»

«የፈለግሽውን! ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም፣ እትዬ። እኮ።»

«ባሌ ዛሬ ይወጣል ወይ አይወጣም፤ አንቺ ስለ ክር ታወሪኛለሽ።»

እሷ ያለችውን ባደርግ ምናልባት ልክ ይሆናል፤ ልክ ካልሆነም አይታወቅም። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ለራሴ አልኩት፤ ባልኩት ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይገለባበጥብኝ ጀመር። መጨረሻ ላይ እግሬ ነው ይዞኝ የወጣው እንጂ ወስኜ አይደለም።

ሰው ፊት መናገር አልወድም። «ሁለት ትሪ ነበር፣ ለየብቻ» አልኩ። «አሁን የቱ የማን እንደሆነ አላውቅም።»

አንድ የእድር ሰው ሳቅ አመለጠው። ዳኛው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ምን ማለትሽ ነው፣ ልጄ?»

አስረዳሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ በር፣ ምድጃ። በእጄ እያሳየሁ።

«ጋጋሪው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነበር ወይስ ወደ ምዕራብ?» አሉ ሐጂ፣ በእርግጥ ሊፈቱት ፈልገው።

«ምድጃው ወደ ዓባያ ሐይቅ ነው የሚያየው» አለ አንዱ።

«የለም፣ ወደ መናኸሪያው ነው።»

ቤቱ ሙሉ የጋጋሪውንና የሚስቱን ክርክር እንደ አዲስ ጀመረው። እህቴ የጓዳውን በር ደገፍ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ከዚያ ሐጂ እጃቸውን አነሡና ወደ አንዱ ትሪ አመለከቱ።

«ዳኛ፣ እርስዎ ይብሉ። የእርስዎ ነው እንበል።»

«የእርስዎ ቢሆንስ፣ ሐጂ?»

«የእኔ ከሆነማ እኔ እየራበኝ እርስዎ በሉብኝ ማለት ነዋ።»

ተሳሳቁ። ግን ማንም እጁን አልታጠበም። ዳኛው በትራቸውን ይዘው ተነሡ። «ቢሮ ሊከፈት ነው። ሻይ ጠጥተናል፤ እንሂድ።»

ሁሉም ተከተላቸው። እህቴ መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ «ምንም ሳይቀምሱ!» አለችኝ። «አሁን በምን አፋቸው ነው የሚናገሩለት?» እውነቱን በመናገሬ ያዳንኩት ነገር ይኑር ወይ ያበላሸሁት እያሰብኩ የቀበሌው በር ላይ ደረስን።

እኛ ሴቶቹ ከመስኮቱ ሥር ቆምን። ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

«ይህ ሰው ሕዝብ አይከፋፍልም ትላላችሁ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አይከፋፍልም» አሉ ዳኛው።

«በምን ታውቃላችሁ?»

«አሁን ከቤቱ ነው የመጣነው፣ ጓድ» አሉ ሐጂ። «ለእኔ ለብቻ፣ ለዳኛው ለብቻ ቁርስ አሰናድተው ነበር።»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለብቻ ለብቻ! ይኸው፣ ራሳችሁ መሰከራችሁበት።»

«ኋላ ግን ተደባለቀ።»

«ተደባለቀ? እና በላችሁ?»

«አልበላንም።»

«እሳቸውስ?»

«እኔም አልበላሁም» አሉ ዳኛው።

«ጾም ነው እንዴ?»

«ማክሰኞ ምን ጾም አለ፣ ጓድ?» አሉ ዳኛው። «ማንንም ላለማሳሳት ብለው ነገሩን፤ እኛም ተውነው። ሊያሳስተን የፈለገ ቤት ቢሆን ዝም ብሎ ባበላን ነበር።»

ወንበር ተንቋቋ። ሊቀመንበሩ ትንፋሹን አውጥቶ «እኔ ይህ ነገር አልገባኝም» አለ፤ ከዚያ ዘበኛውን ጠርቶ «አምጣው» አለው። አሳምነውት ይሁን፣ ሰልችቶት ይሁን፣ ወይ ቀድሞውንም ሊለቀው አስቦ ይሁን አላውቅም። ዳኛውና ሐጂ ፈረሙ።

የእህቴ ባል ጢሙ አድጎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። እህቴ እጁን ያዘችና አለቀቀችውም። ሁለቱን ሽማግሌዎች ጎንበስ ብሎ አመሰገነና «ኑ፣ እቤት እንሂድ፤ አንድ ነገር ቅመሱ» አላቸው።

ሐጂና ዳኛው ተያዩ። «ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን» አሉ ባንድ ድምፅ፤ አንዱ በገበያው በኩል፣ አንዱ በላይኛው መንገድ በፍጥነት ሄዱ። የራባቸው ሰዎች አካሄድ ነበር።

«ምነው?» አለ ወደ እህቴ ዞሮ። «ተቀየሙ እንዴ?»

«እሷን ጠይቃት» አለች እህቴ።

ስለ ሁለቱ ክሮች ጀመርኩለት። ጋጋሪው ምድጃው ፊት እንደቆመ፣ ሚስቱ በር ላይ እንደነበረች፣ የሷ ቀኝ የሱ ግራ እንደሆነ። ግማሽ ላይ ስደርስ ፊቱን አየሁት። ከእኔ ይበልጥ ግራ የተጋባ ሰው በዚያ ጠዋት ያየሁት እሱን ብቻ ነው።