ራሱ አዝዞ ራሱ የተቀበለው ስልክ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሙሴ ኢድሪስ ከክሊሙ ሥር፣ ቀዝቃዛው አየር አናቴ ላይ በሚወርድበት ቦታ አስቀመጠኝና፣ «ሦስት ወር እሞክርሃለሁ፤ ከዚያ ወይ ትቀራለህ ወይ ትሄዳለህ» አለኝ። ጅቡቲያዊ ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ጅቡቲ ተወልጄ በፈረንሳይኛ ነው የተማርኩት። ቢሮው ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ነበር። ከታች የስፌት መኪናው ሲነሣ የእኔም ጠረጴዛ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ሥራችን ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮድ ቋንቋ የትዕዛዝ መተግበሪያ መሥራት ነው። የሙሴ ኢድሪስ ሕግ አንድ ነበር፦ ኮድ አንዴ ይጻፋል፣ ሁሉም ቦታ ይሠራል። ያው ፋይል ደንበኛው ስልክ ላይ ይገባል፤ ያው ፋይል አውሮፓ በተከራየነው ሰርቨር ላይም ይቀመጣል። ስልክ ላይ ከሆነ ትዕዛዝ ይልካል፤ ሰርቨር ላይ ከሆነ ይቀበላል። ስለዚህ ኮዱ ከሁሉ በፊት ያለበትን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ካርቲየ 4 ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ለእሳቸው በሠራሁት መተግበሪያ ላይ መላ አመጣሁ። ሰርቨሩ የሚሠራው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በላተኛው ያለው ጅቡቲ ነው። የሰዓት ክልልህ የጅቡቲ ከሆነ ስልክ ነህ፣ ካልሆነ ሰርቨር ነህ ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር! ለራሴ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። በቢሮው ስልኮች ሁሉ ሞከርኩት፤ ሠራ።

በሁለተኛው ወር እትዬ ዘነበች ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ።

«ፈረንጁ ያዛል፣ ሶማሌው ያዛል፣ አፋሩ ያዛል። ሐበሻው ብቻ ጠፋብኝ! የማኅበሬ ሴቶች እንኳ ካዘዙ ሦስት ሳምንታቸው።»

«እትዬ፣ ኮድ ዘር አይለይም» አልኳቸው። «እኔ ስልክ ላይ ይሠራል።»

ክፋቱ፣ አመኑኝ። መተግበሪያው ደህና ከሆነ ሴቶቹ ተቀይመዋል ማለት ነው ብለው፣ ከስንት ዓመት በፊት አንድ ክርስትና ላይ ስለ ወጡ ጨው የተናገሩትን አስታውሰው ሽማግሌ ላኩ። የሚገርመው ሴቶቹም ቂም ቋጥረው ቆይተዋል። ምግብ ያዛሉ፤ ስልኩ «ደርሶናል፣ በመንገድ ላይ ነው» ይላቸዋል፤ ምግቡ ግን የለም። ደውሎ መጠየቅ ደግሞ ሆዳም ያሰኛል። ስለዚህ ንቃን ነው ብለው ዝም አሉ።

ሙሴ ኢድሪስ ወሬውን ሲሰማ ጠራኝ። «ጁማ ዕለት ሽማግሌዎቹ ጋ ሄደህ አዳምጥ። እትዬ ዘነበች ከእኛ ከሄዱ፣ ወላሂ፣ አንተም አብረሃቸው ትሄዳለህ።»

ዓርብ ጠዋት ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። መሐል የተቀመጡት ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ፣ ነበሩ። መጀመሪያ የተናገረችው ጽጌ ናት፤ ፈረንጅ ቤት እያደረች የምትሠራ።

«ዕረፍቴ ጁማ ብቻ ናት። አዝዤ እስከ ማታ በር ላይ ቆምኩ። በመንገድ ላይ ነው፣ በመንገድ ላይ ነው ይለኛል። ከየት ነው የሚመጣው፣ ከደሴ?»

«ማርያምን፣ አንድም ትዕዛዝ አልደረሰኝም!» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ይኸው!» ብላ ጽጌ ስልኳን ዘረጋች። እኔም አንገቴን አሰገግኩ። ስልኳ 4:15 ይላል፤ የእኔ 10:15።

«ጽጌ፣ ሰዓቱን እንዲህ ማን አደረገልሽ?»

«ስልክ ጠጋኙ ነዋ። በሐበሻ ሰዓት እንዲያነብልኝ አገሩን ብራዚል አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሁላችንንም እሱ ነው ያስተካከለው።»

ቬንትሌተሩ ፊቴ ላይ እየነፈሰ ላብ አጠመቀኝ። የማኅበሩ ስልኮች በሙሉ ካርቲየ 4 ተቀምጠው፣ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነችው ብራዚል ናቸው። ኮዴ «ጅቡቲ አይደለሁም፤ እንግዲያው ሰርቨር ነኝ» ይላል። ስልኩ ራሱ አዝዞ፣ ራሱ ተቀብሎ፣ ራሱ «በመንገድ ላይ ነው» ብሎ ባለቤቱን ያጽናናል። ወደ ማዕድ ቤቱ የሚሄድ ነገር የለም።

ዝም ብል ይታረቁ ነበር፤ ኮዱንም ማንም ሳያውቅ አስተካክለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ዝም ልል ወስኜ ነበር። ግን እትዬ ዘነበች «በጨው ነገር ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብለው በዚያ ጉልበታቸው ሊንበረከኩ ሲነሡ አላስቻለኝም፤ አፈርኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩና ሁሉንም አስረዳሁ።

ጋሽ ተሰማ ፈረዱ። «ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። ድንጋይ አምጡ።» ምግብ ቤት ውስጥ ድንጋይ ከየት ይምጣ? «በምንድን ነው ያጠፋኸው?» አሉኝ።

«በዚህ» ብዬ ላፕቶፔን አሳየሁ።

«ተሸከመዋ!»

ማጅራቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክኩ። በዚያ ላይ ግሎ ነበር፤ ለበለበኝ። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ «ይቅር ለእግዚአብሔር!» አሉ። እዚያው ቁጭ ብዬ የሰዓቱን መስመር አጠፋሁና፣ ኮዱ ገጽ የሚሥልበት ስክሪን እንዳለው ብቻ እንዲፈትሽ አደረግኩ፤ ካለው ስልክ ነው። ጽጌ በያይነቱ አዘዘች። ማዕድ ቤቱ ውስጥ የትዕዛዙ ደወል ጮኸ፤ እትዬ ዘነበች እልል አሉ።

እሑድ፣ እዚህ የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ ቢሮ ስንገባ ለሙሴ ኢድሪስ ሁሉንም ነገርኩት። ማጅራቴን አየና፣ «ትቀራለህ» አለኝ። «ግን ከዛሬ ጀምሮ አንዱ የመሞከሪያ ስልክ ብራዚል ይኖራል።» ያ ስልክ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ነው፦ ኮድህ ያለበትን በምልክት አይገምት፤ የሚያስፈልገው ነገር መኖሩን ይፈትሽ። ደንበኛ ሲያማርር ደግሞ «እኔ ስልክ ላይ ይሠራል» ከማለትህ በፊት የእሱን ስልክ ተቀብለህ እይ።