ጥጋብ የማትችለው አበባ

እትዬ መቀስ ይሏታል፤ መቀስ ከእጇ ስለማይለይ የወጣላት ስም ነው። በሆስፒታሉ ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አትክልተኛ ሆና ስትሠራ አንድ ሰው እንኳ «አበጀሽ» ብሏት አያውቅም። እሷም ምስጋና የምትለምን ሴት አይደለችም። አንድ ነገር የነካባት ግን ወዮለት! ከአጥንት ሕሙማን ክፍል መስኮት ሥር ያለችውን የአበባ መደብ።

እዚያ ያለችው ተክል በርኔት ትባላለች። የጽጌረዳ ዘመድ ናት ቢባል ማን ያምናል? እሾህ የላት፣ አበባዋ ሽታ የለው። ቅጠሏ ዳር ዳሩን እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ሲያሹት ኪያር ኪያር ይላል። አበባዋ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ጉብ ያለች፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ቀይ ድብልብል ናት። እትዬ መቀስ ከአንዲት የሥር ቁራጭ ጀምራ፣ በየሁለት ዓመቱ ሥሩን እየከፈለች፣ በአሥራ አንድ ዓመት መደቡን ሞላችው።

የዋናው በር አትክልተኛ ጋሽ ጽጌረዳ ናቸው፤ እሳቸውም ስማቸውን ያገኙት ከሥራቸው ነው። «ያቺ ደሃ ዘመዳችን እንዴት ናት?» እያሉ በበርኔት ይቀልዱባታል። እትዬ መቀስ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን መጥተው መደቡን አዩና፣ «ይሄ አረም ምንድን ነው? ተነቅሎ ሣር ይዘራበት» አሉ። ብትለምናቸው፣ «አዲሱ ሕንፃ ከሁለት ወር በኋላ ይመረቃል። ያን ቀን ቀጥ ብላ አብባ ካላየኋት ትነቀላለች» ብለው ሄዱ።

በመስኮቱ ሥር ነፋስ በሁለት ሕንፃ መሃል እየተጨመቀ ያልፋል፤ በርኔት ደግሞ ከረዘመች መውደቅ ልማዷ ነው። እትዬ መቀስ በማግስቱ መጥታ፣ አጥራ ጠንክራ እንድትበቅል ብላ፣ ተክሉን ሁሉ ከግማሹ ሸለተችው። «ሴትዮዋ ተናዳ አበደች!» ተባለ። ጋሽ ጽጌረዳ አንጀታቸው አልቻለም። እሷ እህቷ ታማባት የአሥር ቀን ፈቃድ ስትወጣ፣ ሦስት ጋሪ ፍግ ገፍተው መደቡ ላይ ደፉላት።

ስትመለስ መጀመሪያ የነገራት አፍንጫዋ ነው። ተክሉ ተመዝዞ፣ ለስልሶ፣ ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳል። «ጋሼ» ብላ «እርስዎ» የምትል ሴት፣ አካፋ እንደያዘች ወደ ጋሽ ጽጌረዳ ሄደች።

«አንተ ሰውዬ! ምን በደልኩህ?»

«ኧረ በሞቴ፣ ተሸልታ ሳያት አሳዘነችኝ! ቶሎ ታገግም ብዬ እኮ ነው።»

«እዘንላት ያለህ ማነው? ጥጋብ አትችልም! እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ባበላኋት ፍግ ነው መሬት ላይ የተዘረረችብኝ!»

ጋሽ ጽጌረዳ አቀርቅረው ጋሪያቸውን አመጡ። ሁለቱ ተንበርክከው ያንን ፍግ በእጃቸው ሲጠርጉ ዋሉ። ከዚያ እትዬ መቀስ ዓይኗን ጨፍና እንደገና ሸለተችው። የቀረው አምስት ሳምንት ነው። ዳግም የተቆረጠ ተክል ይድረስ አይድረስ እሷም አታውቅም፤ ፈርታለች። በየጠዋቱ ቁጢጥ ብላ ታያታለች። አራት ሳምንት ሙሉ ቅጠል ብቻ! በአምስተኛው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ባቄላ የምታህል አንዲት እምቡጥ ብቅ አለች። እትዬ መቀስ እዚያው ጭቃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

የምረቃው ቀን ነፋሱ ጉድ ነው። የጋሽ ጽጌረዳ አበቦች ረግፈው የእንግዶቹ ጫማ ሥር ይንከባለላሉ። በመስኮቱ ሥር ግን በርኔት ከጉልበት ሳታልፍ፣ ቀይ ጫፏን ይዛ፣ ነፋሱ ሲገፋት ዘንበል ብላ መልሳ ቀጥ ትላለች። እግራቸው በጄሶ የታሰረ ሕሙማን በመስኮቱ ተደርድረው ያያሉ።

ሥራ አስኪያጁ ቆሙ። «ምን አብልተሻት ነው?»

«ምንም። ረሃብና መቀስ ብቻ።»

«ሣሩ ይቅር» አሉ።

እትዬ መቀስ ደረቷ ተነፋ፤ ታዲያ ለምን አይነፋ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው!

እንግዶቹ ሲበተኑ ጋሽ ጽጌረዳ ቆባቸውን በእጃቸው እያሹ መጡ። «እትዬ... አበባዋ ሲያልቅ፣ ሥሯን ስትከፍዪ... ለእኔም አንዲት...»

«ደሃ ዘመድዎ እኮ ናት። አያፍሩባትም?»

«ተይኝ እንጂ!»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይቺን ነበር። ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እሰጥዎታለሁ ጋሼ። ጋሪ ይዘው ሲጠጓት ካየሁ ግን፣ የምሸልተው እርስዎን ነው!»